ምሽጉን ልደፍነው ስል

ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ አንድ ገልባጭ ሙሉ ገረጋንቲ አስመጣሁ...

ግቢያችን እዚሁ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ ስር ነው። ጓሮው ውስጥ በደርግ ጊዜ የተቆፈረ ምሽግ አለ። ደረጃ አለው፣ የሲሚንቶ ጣሪያ አለው። ግቢውን ከገዛን ጀምሮ አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም፤ እባብ እፈራለሁ፣ ምን ልዋሽ። ደፍኜው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ልሠራበት ነበር ሐሳቤ። ባለቤቴ ግን ባነሳሁባት ቁጥር «ከመስቀል በኋላ ይደርሳል» ትለኛለች። ለምን ስላት ወሬ ትቀይራለች።

ሹፌሩ ወደ ኋላ እየተጠጋ ሳለ ጎረቤታችን እትዬ ማርታ በአጥሩ ሾልከው መጡና ምሽጉ አፍ ላይ ቁጭ አሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንድ ላም የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ይነሱ እንጂ፣ አቧራው...»

«አልነሳም ልጄ። ከፈለግህ ከነእኔ ድፈነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እንባቸው ሲመጣ ደነገጥኩ። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

ወገኖቼ... እባብ የለ፣ ምን የለ። ቀዝቀዝ ያለ፣ የተጠረገ ክፍል ነው። ግድግዳው ስር አፋቸው በእንሰት ቅጠል የታሰረ ስምንት ማሰሮዎች ተደርድረዋል። የሰፈሩ ሴቶች የጊፋታ ቅቤ ነው።

እኛ ጋ ለጊፋታ ሥጋው የባል፣ ቅቤው የሚስት ነው። ሴቶቹ ለወራት ትንሽ ትንሽ እያሉ ያጠራቅሙታል፤ ከባልም ይደብቁታል፣ ካየው «ትንሽ ይሸጥና...» ማለቱ አይቀርማ። በበዓሉ ቅቤ ያጣች ሴት እንግዳ ፊት አንገቷን ትደፋለች። የእትዬ ማርታ የዓመት ልፋት እዚያ ጥግ ላይ ነበር። ከጎኑ ያለችውን ማሰሮ ግን አወቅኳት... ከኩሽናችን ጠፋች የተባለችው ናት።

ገረጋንቲውን ጭቃ የዋጠው የሰፈራችን መንገድ ላይ አስደፋሁት።

የጊፋታ ዕለት ሴቶቹ በየተራ በቅቤ የራሰ የእንሰት ሙቹዋ ላኩልን፤ ቅቤው እስከ ክርኔ ወረደ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ በልቼ አላውቅም። እትዬ ማርታ ሊያመሰግኑኝ መጡ፤ ማመስገን የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትንሽ ቢዘገዩ የስምንት ቤት በዓል ቀብሬ ነበር፣ የራሴን ጨምሮ። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።

አሁን ምሽጉ የብረት በር አለው። ያሠራሁት እኔ ነኝ... ቁልፉን ግን ሴቶቹ አልሰጡኝም።