የታረቅንበት ሦስተኛ ዙር

ቡጢ ተማርኩ ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ከቡጢው ይልቅ እቅፉን ነዋ የቻልኩበት። ይሳቁ! ደብረ ታቦር ላይ ያሰለጠነን የስፖርት መምህር የድሬ ልጅ ነበር። «ሲደክምህ አትሽሽ» ይለኛል። «ግባ፣ ክንዶቹን ጨምድደህ ያዝ፣ ጭንቅላትህን ትከሻው ላይ ጣል፣ ክብደትህን ጫንበት። ዳኛው እስኪያላቅቃችሁ ተንፍስ።» እኔ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ሊደባደብ የገባ ሰው ያቅፋል እንዴ?

የማጣሪያው ውድድር ቀን ደረሰ። ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል፤ የተሸነፈ ቤቱ ይቀራል። እኔ ባሕር ዳር ለመሄድ ሞቼ ነበር። የደረሰኝ ተጋጣሚ፣ የገሳይ ከተማ ልጅ፣ ክንዱ እንደ ሞፈር የረዘመ ነው። ሁለቱን ዙር እንደምንም መራሁት፤ በሦስተኛው እግሬ ከዳኝ። ጆሮ ግንዴን ሲለኝ ዓለም ዞረብኝ። ያኔ የመምህሩ ነገር ትዝ አለኝና ገብቼ አቀፍኩት። እሱ ሊያራግፈኝ ይታገላል፣ እኔ ሙጭጭ!

ይኼኔ አባቴ ከተመልካቹ መሃል ተነሱ። ቡጢ አይተው አያውቁም፤ በሰፈራችን ግን ጠብ ከተነሳ ሳይጠሩ ገብተው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ሲያዩ ሌላ ምን ያስቡ? ጋቢያቸውን ሰብስበው በገመዱ ሾልከው ከተፍ አሉ።

«ተመስገን! እንዲህ ነው እንጂ! በሉ ተሳሳሙ።»

ክው አልኩ። የእኔ ሰው ስለገባ ዳኛው ሊያሰናብተኝ ነው፤ ባሕር ዳር ቀረች በቃ!

ዳኛው ወጣት ነው። «አባባ፣ ይውረዱ እባክዎ» አላቸው።

«ሳይሳሳሙ? በጊዮርጊስ አልወርድም!»

ጎትቶ አያወርዳቸው ነገር፣ ሽማግሌ ናቸው። ቢጨንቀው ወደ እኛ ዞረና «በሉ ቶሎ ተሳሳሙና እንቀጥል» አለን። የገሳዩ ልጅ በሳቅ እየፈረሰ ጉንጬን ሳመኝ፤ እኔም ሳምኩት። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። አባቴ መርቀውን ወረዱ።

ለካ በዚያች መሃል ትንፋሼ ተመልሶልኛል! ዳኛው «ቀጥሉ» ሲል ልጁ ሳቁ ገና አልለቀቀውም፤ በግራ እጄ አገኘሁት፣ ደገምኩት። ዙሩ አለቀና የእኔ እጅ ተነሳ። ዘለልኩ፣ ጮኽኩ፣ መምህሩን ብድግ አድርጌ ተሸከምኩት። ወይ ደስታ! እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ አባቴ ሮጥኩ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አባዬ፣ አሸነፍኩ እኮ!»

«አፈር ብላ! ከታረቃችሁ በኋላ ልጁን ምን አደረገኝ ብለህ መታኸው?»

ክንዴን ይዘው ወደ ገሳዩ ልጅ ወሰዱኝ። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ መምህሩም፣ ዳኛውም ይስቃሉ። አሸናፊው እኔ፣ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየኝ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ።