ሊጥ ያለበስኩት ሥጋ

ፈረንጆች አንድ ሙዳ የበሬ ሥጋ በተከተፈ እንጉዳይ ሸፍነው በሊጥ ጠቅልለው ኦቨን ውስጥ ይጋግራሉ። እኔ ደግሞ በስልኬ አይቼው «ላሻሽለው» አልኩ፤ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ! በእንጉዳዩ ፋንታ ጎመንና አይብ አደረግሁ፤ ሥጋውን በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ አሸሁት። እሁድ ከቸርች መልስ ጓደኞቼን ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ወዳለው ቤቴ ጠርቼ፣ ሊጡ ወርቅ መስሎ ሲወጣ ደረቴን ነፋሁ። ስቆርጠው ግን ሥጋው ጥሬ ነው። «ስጡኝ፣ ወደ ኦቨኑ ልመልሰው!» ብል ማን ሰምቶኝ! ሊጡን ገፈው ወደ ዳር አደረጉና ሥጋውን በቢላ ከትፈው ከጎመኑና ከአይቡ ጋር ጥርግ አድርገው በሉት። «ጆበርግ ከገባን እንዲህ ያለ ክትፎ በልተን አናውቅም» አሉኝ። ባለቤቴ የተገፈፈውን ሊጥ ሰብስባ ፊቴ አስቀመጠችና፣ «ያንተ ምግብ ይኸውልህ፤ ማንም አልነካብህም» አለችኝ።