በውሃ የበዛው መድኃኒት

ጎንደር ውስጥ በእንስሳት መድኃኒት መሸጫ በር ባለፍኩ ቁጥር፣ ኖራና የተበላሸ ወተት የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና ወደ ልጅነቴ ግቢ ይመልሰኛል። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። አባቴ መካነ ብርሃን ከተማ ገበያ አድሮ፣ ለሃያ ሦስት በጎቻችን የሚበቃ አንድ ጠርሙስ የትል መድኃኒት በጋቢው ጠቅልሎ መጣ።

በእኛ አገር ለብቻ መዳን ነውር ነው። የአንዱ እሳት ቢጠፋ ከሌላው ቤት ፍም ይጫራል፣ የአንዱ በሬ ቢሞት ጎረቤት ተጋግዞ ይተካለታል። መድኃኒትም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ከእኛ ጋር አንድ ጨፌ ላይ የሚያግዱ አራት ቤተሰቦች በጎቻቸውን እየነዱ ግቢያችንን ሞሉት። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት አያ ደርሶ ነበሩ። አባቴን የበግ አረባብ ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጠርሙሱን ተቀብለው ጀሪካን ውስጥ ገለበጡና ለሁሉም እስኪደርስ ድረስ የምንጭ ውሃ ጨመሩበት።

እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጥሩዬ፣ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን ይላል?» አለኝ አባቴ።

«እንደ በጉ ክብደት… ውሃ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ድምፄ ለራሴም አይሰማም ነበር።

«ምነው፣ ወረቀቱ በግ ጠብቆ ያውቃል?» አሉ አያ ደርሶ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «አይዞሽ ልጄ፣ ውሃም የእግዜር ነው። ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ይስማማሉ።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ «ውሃ አይቀላቀልበት» የሚለውን ቀሪውን ቃል ዋጥሁት። ከዚያ የበጎቹን አፍ ስይዝ ዋልኩ፤ አባቴም በለስላሳ ጠርሙስ እየቀዳ ያጠጣቸው ነበር።

መድኃኒቱ ባይሠራ ኖሮ ምንኛ በተሻለ ነበር። ግን ሠራ። ታኅሣሥ ሲገባ የበጎቹ ጠጉር አበራ፣ ግልገሎቹ በግቢው ውስጥ ይፈነጩ ጀመር፣ አያ ደርሶም አባቴን ባገኙት ቁጥር «ተባረክ፣ አንድ ጠርሙስ ለመንደር ያበቃህ ሸጋ ሰው» እያሉ ይመርቁት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲልና ሲወጣ ያንኑ መድኃኒት እያመጣን፣ ያንኑ ምንጭ እየቀዳን እናበዛው ነበር። እኔም ወረቀቱን አንብቢ የሚለኝ ስላልነበረ፣ ፍርሃቴን ረስቼው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ክረምት በጎቹ እየሳሱ ሄዱ። ከመንጋጋቸው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይንጠለጠል ጀመር። አባቴ በየጠዋቱ የእያንዳንዱን በግ የዓይን ቆብ ገልጦ ሲያይ፣ ውስጡ ደም የሌለው፣ እንደ ወረቀት የነጣ ነበር፤ አይቶም እንደተኛ ሕፃን ዓይን ቀስ ብሎ ይከድነው ነበር። መጀመሪያ ግልገሎቹ አለቁ። ከዚያ በመስከረም፣ በየዓመቱ መንታ የምትወልደው በጋችን ዳለቻ በቆመችበት ተንበርክካ ቀረች።

አባቴ ዝናብ እየመታው ገበያ ወርዶ አዲስ ጠርሙስ አመጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የግቢያችንን በር ዘግቶ፣ ጎረቤቶቹ እንዳያዩት ጎንበስ ብሎ፣ ያልተበረዘውን መድኃኒት ለእያንዳንዱ በግ ሙሉውን ሰጠ። ሦስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ሁለት ሞቱ። ከወረዳው የመጣው የእንስሳት ሐኪም የአንዷን ጨጓራ ሲከፍት፣ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ቀያይ ትሎች ውስጡ ይርመሰመሱ ነበር።

«ይኼ መድኃኒት ከእንግዲህ እዚህ አይሠራም። ሌላ ዓይነት መፈለግ ነው» አለ።

መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ሌላ ዓይነት አልመጣም። አባቴ «ምን አጠፋሁ?» እያለ ሐኪሙን ተከትሎ እስከ በሩ ሄደ። ከጓዳ ሆኜ ስሰማው ጥያቄው ለእኔ የቀረበ መሰለኝ፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ኅዳር ላይ አንድ በግ አልቀረንም። ቤታችን ግን አጎዛ በአጎዛ ሆነ፤ የምንተኛበት፣ የምንቀመጥበት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ የምናውቃቸው በጎች ቆዳ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የዳለቻን አይቶ ስለሚያለቅስ እናቴ ገልብጣ ታነጥፈው ነበር። አባቴ ሰሊጥ ለማረም ወደ ቆላ ወረደና ወባ ይዞት ተመለሰ። እኔ ደግሞ የምበላው እንዳይጠፋ ጎንደር ወዳለችው አክስቴ ተላክሁና ትምህርቴን እዚያ ቀጠልኩ። የተማርኩት በጎቹ ስላለቁ ነው፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ የሥነ ሕይወት መምህራችን ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ሲያስተምሩ፣ «መድኃኒት ተባይን ጥንካሬ አያስተምረውም» አሉ። «ከብዙዎቹ መካከል ከመጀመሪያውም ለመሞት የሚያስቸግሩ ጥቂቶች አሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ገድሎ ቦታውን ለእነሱ ይለቅላቸዋል፤ እነሱ ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውም እነሱን ይመስላሉ።» እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የተበረዘው መድኃኒት ደካሞቹን ትሎች ብቻ እየገደለ፣ በርታ ያሉትን አስተርፎ፣ እንቁላላቸው ከፋንድያው ጋር በጋራ ጨፌያችን ላይ ሲዘራ ታየኝ። አያ ደርሶ ለዘር የሚሆን አውራ በግ እንደሚመርጡት ሁሉ፣ እኛም ሳናውቅ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ትል እየመረጥን እናረባ ነበር።

ባለፈው መስከረም አገር ቤት ሄድኩ። አባቴ የባዶውን የበጎች ጉሮኖ የድንጋይ አጥር ሲጠግን ከሰዓት በኋላ አገኘሁትና፣ ድንጋይ እያቀበልኩት፣ ፊቱን ሳላይ ነገርኩት።

«አባባ፣ ወረቀቱ ውሃ አይቀላቀልበት ይል ነበር። አንብቤው ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

የያዘውን ድንጋይ ቦታው እስኪገጥምለት አገላበጠው።

«ብትነግሪኝስ? አያ ደርሶን ከነበጎቻቸው ከደጄ እመልሳቸው ኖሯል?» አለ። ድንጋዩን ቦታው ላይ ገጠመና፣ «አልመልሳቸውም» አለ።

እንዲቆጣኝ ነበር የፈለግሁት። ከጥፋቴ ነፃ አወጣኝ፣ ግን እኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ እንተርፍ ነበር የሚለውን፣ ዓመታት ሙሉ የተደገፍኩበትን ሐሳብ አብሮ ወሰደብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወደ አያ ደርሶ ቤት ሄድኩ። ከመንጋቸው የተረፉት ሦስት በጎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ የሁለቱ መንጋጋ አብጧል።

«ተምራ መጣች አሉ! መድኃኒት ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«አልያዝኩም፣ አያ ደርሶ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ትሎቹም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ እኔም። አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ልጅ ሳለሁ ግቢው በበግ ተሞልቶ ድምፅ አልነበረኝም፤ አሁን ድምፅ አገኘሁ፣ የሚሰማኝ ግን ሦስት በግ የቀራቸው አንድ ሽማግሌ ነው።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ትሉ ያለው እርጥቡ ሣር ላይ ነው፤ ከጨፌው እናርቃቸው» አልኩ፤ ይበቃ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ማጭዳቸውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩና፣ ውሃ ከማይተኛበት ከተረተሩ ላይ ሣር ላጭድ ወጣሁ።