ሰርጋችንን ተሸክሞ የወጣው ጋሽ ሰይድ

ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ነው የሰማሁት። ሹፌሩ «ጋሽ ሰይድ ሞተ አሉ» ሲለኝ «የቱ ሰይድ?» አልኩት። ትናንት እኮ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ሲቀልድ አይቼዋለሁ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ዝግ ሆኖ ሳገኘው ነው ያመንኩት።

ሰው በሞተ ቁጥር የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሄን ግን ልጻፍ።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ሰይድ ፊልም ሠሪ ነበር። በሲዲው ዘመን አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰው ያሰለፈ። ከዚያ ጊዜው ተቀየረና ስልኩ መጮኽ አቆመ። ለውጡ የመጣ ሰሞን «አሁንስ በር ይከፈታል» ብሎ ድርሰቱን ይዞ ሄደ፤ የከፈተለት የለም። እዚህ ሐይቅ ከተማ ተመልሶ ሰርግ መቅረጽ ያዘ።

ሰርግም ላይ ፊልም ነበር የሚሠራው። ሙሽራዋን ከመኪና አውርዶ መልሶ ያስገባታል። የሙሽራ እናት አልቅሳ እንባዋን ከጠረገች በኋላ «አብሽሪ እናቴ፣ እንደገና ነው» ይላታል። ሴትዮዋም እየሳቀች እንደገና ታለቅሳለች።

በኔ ሰርግ አባቴ ዱዓ ሲያደርግ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ጋሽ ሰይድ «አብሽሩ አባቴ፣ እንደገና ነው» አለው።

አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዱዓ አንዴ ነው። አላህ ሰምቷል፤ ካሜራህ ካልሰማ ራሱ ይወቅ።»

ከዚያ በኋላ ባገኘኝ ቁጥር «ያባትህ ዱዓ እኮ ጨለመብኝ» ይለኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲደርስ ሁላችንም ወደ ደሴ ስንወጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ጆንያ ተሸክሟል። ዱቄት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሰርጎቻችን ዲስክ ነው።

«ፊልሞችህስ?» አልኩት።

«እነሱን አገር አይቷቸዋል። የናንተ ሰርግ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው» አለኝ።

ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ከፊልሞቹ ዋና ቅጂ አንድም አልተረፈም። ሲያማርር አልሰማሁትም። የኛም ቤት ተዘርፎ ነበር፣ የሰርጋችን ዲስክ ከነቴሌቪዥኑ ተወስዷል። አባቴ ደግሞ እዚያው ስደት ላይ ሞተ። ዛሬ ድምፁን የምሰማው ጋሽ ሰይድ ከዚያ ጆንያ አውጥቶ በሰጠኝ ዲስክ ነው።

ከሰዓት የቅሬው ዕድርተኛ ወጥቶ ቀበርነው። ስልክ አውጥቶ የቀረጸ ሰው አላየሁም።

ጋሽ ሰይድ፣ ከቀብርህ ስመለስ ዲስኩን ከፈትኩት። ምስሉ እንዳልከው ጨለማ ነው። አባቴ ዱዓ ያደርጋል፤ ከካሜራው ኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «አሚን» ይላል። አንተ ነህ። እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

አብሽር፣ አልጨለመብህም። አላህ ይርሐምህ። ዱዓውን አላህ አንዴ ሰምቶታል፤ እኔ ግን እንደገና እየሰማሁት ነው።