የግራው ምሰሶ እግር

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰና ሾፌሩ አንድ ጋራዥ በር ላይ አቆመን። ውስጥ፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል አንዲት ነጭ መኪና ከሰው ራስ በላይ ተነስታለች። ከሥሯ አንድ ሰው አንጋጦ፣ እያፏጨ ብሎን ይፈታል። አብረውኝ የተሳፈሩት መኪናዋን ያያሉ፤ እኔ የማየው የምሰሶዎቹን እግር ነበር። ሒሳቤን ከፍዬ በካፊያው በእግሬ መንገድ ጀመርኩ።

“እህት፣ አሁን እኮ ነው የሚያልቅ!” አለ ሾፌሩ። ዞሬም አላየሁት።

እንዲህ ያለ ማንሻ እኛም ቤት ነበር።

አባዬ ኮምቦልቻ ውስጥ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጠባብ ቦታ ናት። መኪና ሥር የሚገባው መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው እየተንፏቀቀ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበቱ ወገቡን ይይዘዋል፤ እማዬ ጨው በጨርቅ ቋጥራ እያሞቀች ትተኩሰው ነበር። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ያገለገለ ማንሻ ሲያገኝ እንደ ሙሽራ ነው ያመጣው። ሁለቱ ምሰሶዎች ጭነት መኪና ላይ ተጋድመው፣ እሱ መሐላቸው ተቀምጦ፣ የሐረጎን ተራራ መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ።

የሸጠለት ሰውዬ አብሮ መጥቶ ወለሉን አስቆፈረ፣ ፌሮውን አሳሰረ። ምሰሶዎቹን የሚይዙት ብሎኖች ከኮንክሪቱ ጋር ተቀበሩ። ሲሄድ፣ “ሰይድ፣ ወር ሳይሞላው ምንም እንዳታነሳበት። ውሃ ይጠጣ፣ ይጠንክር” አለው።

ውሃ ማጠጣቱ የእኔ ሥራ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ወሩ ጥቅምት ነው። ከደጋን በኩል የማሽላ እሸት የሚያመጡ ሴቶች በራችን ላይ ሲያልፉ ይሰማኛል። ኮንክሪቱን ያለበስነውን ጆንያ ጠዋትና ማታ አርሳለሁ፤ የራሰ ሲሚንቶ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ቤት በሚሠራበት አጠገብ ሳልፍ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ያለ ዱዓ አይጀመርም። ዱዓውን የሚያደርጉልን ሼህ ይማም ለሁለት ወር ወደ ኩታበር፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሊወጡ ስለሆነ አባዬ ቀኑን አስቀደመው። ኮንክሪቱ ገና አሥራ ስድስት ቀኑ ነበር።

“ሰውዬው ወር ብሎ አልነበር?” አለች እማዬ።

“ምሰሶው ይቁምና ዱዓው ይደረግ እንጂ መኪና አላነሳም። ወላሂ አላነሳም።”

ምሰሶዎቹ ቆሙ፤ የዱዓው ዕለት ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ወለሉን አጠጣሁ። ሌላው ቦታ ላይ ውሃው ያቁራል። የግራው ምሰሶ እግር ዘንድ ግን ቶሎ ቶሎ ሰረገ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ከብሎኑ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄዳለች። ሮጬ እማዬ ዘንድ ሄድኩ፤ ንፍሮውን እያማሰለች ነበር።

“እማዬ፣ የግራው ምሰሶ ሥር ተሰንጥቋል መሰለኝ።”

“ኧረ ዝም በይ! በዱዓ ቀን ክፉ አይወራም። ደግሞስ ዛሬ መኪና አይነሳም።”

እኔም የንፍሮውን ሳህኖች መደርደር ጀመርኩ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ጋራዡን ሞሉት። ሼህ ይማም እጃቸውን ዘርግተው፣ “ያ አላህ፣ የሰይድን እጅ ከመከራ ጠብቀው፣ ሪዝቁን፣ እንጀራውን አስፋለት” ሲሉ “አሚን” የሚለው ድምፅ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ዱዓው እንዳበቃ ጎረቤታችን ሁሴን ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

“ሰይድ፣ ይኼ ነገር መኪና ያነሳል ወይስ ልብስ ልታሰጣበት ነው?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሼሁም ፈገግ ብለው፣ “እስቲ የልጄን ፒክአፕ አንሳትና ሳልሄድ ልያት” አሉ።

“ሼሁ፣ ኮንክሪቱ ገና ነው…” አለ አባዬ።

“ዱዓ ተደርጎለትም ትፈራለህ?” አለ ሁሴን።

አባዬ ሰዉን ገለል አድርጎ በሩን ከፈተ። ፒክአፗ ገባች።

እኔ የንፍሮውን ሳህን ይዤ ስገባ መኪናዋ እየተነሳች ነበር። ከዓይን አፋርነቴ የተነሳ ሰው መሐል ስገባ ከወለል ቀና አልልም። ያ ሁሉ ወንድ አንጋጦ “ማሻአላህ!” ሲል እኔ ያየሁት የግራውን ምሰሶ እግር ነው። ከታች ያለው ወፍራም ብረት በግድግዳው በኩል ከኮንክሪቱ ተላቆ፣ ጣት የሚያስገባ ያህል ተነስቷል። አባዬ ደግሞ መኪናዋ ሥር ገብቶ ሆዷን በመዳፉ እየመታ፣ “ከእንግዲህ በጀርባዬ አልተኛም!” ይላል።

“አባዬ” ያልኩ ይመስለኛል። ለራሴም አልተሰማኝም። አርባ ወንድ ፊት ጮሄ አላውቅም ነበር፤ እንዴት እንደሚጮህም አላውቅ። አንድ ሰው ከሳህኑ ንፍሮ ዘገነ። ሁለተኛ አፌን ስከፍት ምሰሶው ዘመመ።

አባዬን በሚኒባስ አጋድመን ደሴ ሆስፒታል አደረስነው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሮቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልታዘዙትም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ “ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው” ብሎ ይቀመጣል፣ “ቀደር ነው” ብሎ ይነሳል። እማዬና እኔ ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አላወራንም። ምስር ስንለቅም ዓይን ለዓይን ከተጋጠምን አንዳችን ሥራ ፈልገን እንነሳለን።

ከባጃጁ በወረድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አባዬ በር ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ የሰው ቡታጋዝ ይጠግናል። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

“አባዬ፣ ያን ቀን ጠዋት ኮንክሪቱን ሳጠጣ…”

መፍቻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

“ተይው።”

“ልንገርህ ብዬ ነው።”

“ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ከአላህ ነው ብዬ ተሸክሜዋለሁ። ከሰው ነው ካልሽኝ በምን እሸከመዋለሁ?”

መፍቻውን አነሳና፣ “ልጆችሽ ደህና ናቸው?” አለኝ።

“አልሐምዱሊላህ” አልኩት። ተመልሶ ወደ ቡታጋዙ አጎነበሰ።

ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። ያን ቀን አንድ ቃል ባወጣ አባዬ ዛሬ በእግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ ያንኑ ቃል ባወጣው ደግሞ የቀረችውን መጽናኛ እነጥቀዋለሁ። እዚህ የጻፍኩትም አባዬ ፊደል ስላልቆጠረ ነው።