ማንም ያልሞተበት ድንኳን

በእኛ ሰፈር የእድሩን ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ ደጅ ላይ አይጠይቅም። ነውር ነው። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባና አግዳሚው ላይ ክፍት ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ ነው ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ «ማን ነው?» የሚለው። ሟቹን ሳያውቅ አልቅሶ የወጣ ሰው ስንቱን አውቃለሁ። እኔም አንዷ ነኝ።

ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ነበር ያልኩት አሁን ስለፈረሰ ነው፤ ይህ የምነግራችሁ ከመፍረሱ በፊት በነበረው ምርጫ ጊዜ የሆነ ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሻይና ፓስቲ የምሸጥባት ጠባብ ቤት ነበረችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ንባቤን ያጠነከርኩት ግን ፓስቲ በምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ወሬ መጨረሻው ተቀዶ ነው ያነበብኩት። የጎደለውን ሬዲዮኔ ትሞላልኛለች፤ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጎን ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ነው የምትውለው።

ቲቸር የምንላት ጎረቤቴ አምስት ኪሎ አካባቢ ሳይንስ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። የእኔንም ልጆች አስተምራለች። በዚያ ምርጫ ለከተማው ምክር ቤት በግሏ ተወዳደረች። የምርጫ ምልክቷ ባልዲ ነበር፤ ጉዳይዋም እሱው ነው፣ ውሃ። ሰፈራችን ቧንቧው ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። የጋራ ሽንት ቤቱን ነገርማ ተዉት። ቲቸር ለዚህ ነገር ስንት ቢሮ ደጅ ስትጠና ኖራ በመጨረሻ «እንግዲህ እኔው ራሴ ልግባበት» ብላ ተነሳች።

ቅስቀሳው ሊያልቅ ሲል የሰፈሩን ሰው ልትሰበስብ ቀን ቆረጠች። ቦታው ልጆች ኳስ የሚጫወቱባት ሜዳ ናት። ሰኔ ነውና ሰማዩ ከጠዋቱ ጀምሮ ጠቁሯል። የእድራችን ዳኛ፣ ኮታቸውን ሁልጊዜ ቆልፈው የሚለብሱ የድሮ ወታደር ናቸው፣ አዘኑላት።

«ልጄ፣ ሰው በዝናብ ቆሞ አይሰማሽም። ድንኳኑን ውሰጂ» አሏት።

ለሠርግ ያጌጠ ድንኳን ከውጭ እንከራያለን። የእድሩ ድንኳን፣ ያቺ እላይዋ ላይ መጣፊያ የበዛባት አረንጓዴ ሸራ፣ ከለቅሶ በቀር ወጥታ አታውቅም። ይህ ነገር የዳኛውም፣ የቲቸርም፣ የእኔም ልብ ላይ አልመጣም። አግዳሚ ሲደረደር እኔም አብሬ ስሸከም ነበር። ሸራው የሚያፈስበት ቦታ ላይ እንኳ ባልዲ አስቀመጥንለት፤ ለቅስቀሳም ለጠብታ መቀበያም ይሆናል እያልን እየሳቅን።

ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ጎረፈ። ቲቸር ዓይኗን ማመን አቃታት።

«አየሽልኝ? ለውሃ ሲሉ እንዴት ነቅለው እንደወጡ!» አለችኝ።

እኔ ግን ነጠላውን አየሁ። ሁሉም አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ግን ይንሾካሾካሉ።

«ማን ነው?»

«እንጃ እህቴ፣ እኔም አሁን መግባቴ ነው።»

ለቲቸር ልነግራት ስጠጋ እማማ ከደጅ ደረሱ። እማማ ከእኔ ቤት ጀርባ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ለቅሶ ያውቁበታል። እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው በደንብ የተሸኘ አይመስለንም። በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ይዘው «ወየው! ወየው ጎረቤቴ! ሳልሰናበትህ!» እያሉ ገቡ። ያን ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አለቀሰ። ቲቸር ማይክ ይዛ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ማይኩን እኔ ላይ ጥላ ሮጣ አቀፈቻቸው።

«እማማ፣ ማንም አልሞተም!»

«አትደብቂኝ ልጄ፣ ልቤ ይችላል። ማን ነው?»

«ማንም! ስብሰባ ነው እኮ፣ ስለ ውሃ።»

እማማ እንባቸውን ሳይጠርጉ ዙሪያውን አዩ። «ታዲያ ይሄ ድንኳን ምን ሆኖ ተተከለ?»

ከኋላ አንዱ ወያላ «እማማ፣ ባልዲውም የተቀመጠው ለእርስዎ እንባ ነው!» አለ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው ኮታቸው እስኪሸበሸብ ሳቁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዝናቡም ውጭ እየወረደ ስለሆነ ማንም ንቅንቅ አላለም። ቲቸርም ስለ ውሃው ተናገረች፣ ሰውም ጠየቀ፣ እማማም «ሌሊት ሲመጣ ማን ይቀስቅሰኝ?» ብለው ተከራከሩ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ነገር ግን እማማ ሲያለቅሱ ቲቸር ባቀፈቻቸው ቅጽበት አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ኖሯል። ከፊት የተዘቀዘቀ ነጠላና የአሮጊት እንባ፣ ከኋላ ባልዲ ያለበት ፖስተር። ስንስቅ ግን ያነሳን የለም።

ማምሻውን ፎቶው በየስልኩ ዞረ። በማግስቱ ጠዋት ፓስቲ እየጠበስኩ ሬዲዮኔ «ለቅሶ ቤት ገብቶ ድምፅ መለመን ተገቢ ነውን?» አለች። አቅራቢው «ነውን» ሲል ድምፁን ያወፍረዋል። ስልክ ተከፈተ። አንዱ ደውሎ «ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም ነበር አሉ» አለ። ሌላዋ «የሟች እናት ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ነው ያቀፈቻቸው» አለች። ቀጥሎ ስለ ባህል የሚያውቅ ተብሎ የተጋበዘ ሰው ስለ ሐዘን ክብር ረጅም ንግግር አደረገ፤ እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ጥሩ ነበር፣ ለሌላ ቀን ቢሆን ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ማንኪያ ይዤ ሬዲዮዋ ላይ እጮሃለሁ፦ «ማን ነው የሞተው? እስቲ ስሙን ንገሩኝ!»

ሻይ የሚጠጣ ባለታክሲ ደንበኛዬ ራሱን ነቀነቀ። «ቲቸርም አበዛችው። ቢያንስ ሰልስቱ ይውጣ አይባልም?»

«ማንም አልሞተም እኮ! እዚያው ነበርኩ።»

«በሬዲዮ እየሰማሁ?» አለኝ።

በሚቀጥለውም ቀን ይኸው ወሬ። በሌላ ጣቢያ ደግሞ ድንኳኑ የማን ነው፣ እድር ከምርጫ ጋር ምን አገናኘው የሚል ተጨመረበት፤ ዳኛችን ስልካቸውን አጠፉ። የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ነገርም ከዚህ አልተሻለም። የአንዱ ፖስተር የሌላው ላይ ተለጥፎ ተገኘ፣ አንዱ በክርክር መሃል ውሃ ሲጠጣ ትን አለው፣ እሱም ዜና ሆነ። ውሃ የተነሳው እንግዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቲቸር መጀመሪያ ስትስቅበት ነበር። በዚያው ሳምንት ግን እውነተኛ ሞት መጣ፤ ከእኛ ከፍ ብሎ የሚኖር ልብስ ሰፊ እናቱ አረፉ። ልሄድ ስል ቤቷ ጎራ አልኩ።

«ተነሺ እንጂ፣ ነጠላሽን ልበሺ» አልኳት።

አልተነሳችም። የተቀቀለ ምስር በሰሃን ሸፍና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። «ይህን አንቺ አድርሺልኝ» አለች።

«አንቺስ?»

«ብገባ ድምፅ ፍለጋ መጣች ይሉኛል። ሐዘንተኛው ራሱ ሳቅፈው ዓይኑ ካሜራ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በሰው ሐዘን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላመጣም።» ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ምርጫው ይለፈኝ፣ ግድ የለኝም። ለቅሶ ቤት የማልገባ ሰው ሆኜ ግን እዚህ ሰፈር እንዴት እኖራለሁ?»

ምስሩን ይዤ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ሰሃኑን ሲቀበለኝ «ራሷ አትመጣም?» አለ።

ከዚያ ጋዜጠኛዋ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ ከጠዋት ጀምሮ «የሟች ቤተሰብ» ስትፈልግ ውላለች።

«እናቴ፣ ሐዘንተኞቹ ቤት የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ነይ ቁጭ በይ ልጄ፣ ሻይ ጠጪ። ሐዘንተኛ የለም።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። «እኛ ጣቢያም ትናንት አውርተነዋል እኮ» አለች። «ያለቀሱት ሴትዮ ቢናገሩልኝ ይስተካከላል። ያለ እሳቸው ድምፅ ማን ያምነኛል?»

ቲቸርን አስጠራናት። ሰማችና እጇን አወዛወዘች።

«አይሆንም። እማማን ለመሳቂያ አልሰጥም። ሬሳ በሌለበት ያለቀሱ ሴትዮ ተብለው መንገድ ላይ ሊጮኽባቸው ነው? በእኔ ይብቃ።»

እማማ ጥጉ ላይ ፓስቲያቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ተቀምጠው ነበር። የማይሰሙ መስሎን ነበር፤ አንዳንዴ ነው የማይሰሙት።

«ማነሽ ልጄ፣ እሱን ነገር ወዲህ አምጪው» አሉ ወደ ልጅቷ ድምፅ መቅጃ እየጠቆሙ።

«እማማ፣ ተዉ» አለች ቲቸር።

«አንቺ ዝም በይ፣ እዚህ ተማሪሽ አይደለሁም።» መቅጃውን እንደ ኩባያ በሁለት እጃቸው ያዙት። «አለቀስኩ፣ አዎ። ድንኳን አይቼ ገባሁ፣ ገብቼ አለቀስኩ። ማን እንደሆነ አጣርቼ፣ ዘመዴ ነው አይደለም ብዬ ነው እንዴ የማለቅሰው? ይህቺ ልጅ ማንንም አልለመነችም፤ ሮጣ መጥታ እንዳልወድቅ ያዘችኝ። የዚያን ቀን እንባ ደግሞ የትም አልፈሰሰም፤ ሩቅ አገር ሞተው ላላለቀስኩላቸው ይሁንልኝ ብያለሁ። ከዚህ በኋላ የሚስቅ ይሳቅ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። ቲቸር ወደ ደጅ ወጥታ ቆመች።

ቀኑን ሙሉ ሬዲዮዋን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዋልኩ። የለም። በማግስቱም የለም። ከሰዓት ልጅቷ ደወለች።

«እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅስቀሳ የሚቆምበት የጥሞና ቀን ገብቷል፤ አለቃዬ ከእንግዲህ ስለ ተወዳዳሪ በበጎም በክፉም ማንሳት ክልክል ነው አለኝ።»

«ውሸቱ ሲነገር ጥሞና አልነበረም፣ እውነቱ ሲመጣ ነው ጥሞና የሆነው?»

ከጀርባዋ የቢሮ ጫጫታ ይሰማኛል፤ ሌሎች ስልኮች ይጮሃሉ፣ ሰው ይጠራታል። አዘንኩላት። ልጅቷ እውነቱን በእግሯ ሄዳ፣ በጭቃ ገብታ ነው ያመጣችው፤ ወሬውን ያበዙት ግን ከወንበራቸው አልተነሱም። «ግድ የለም ልጄ፣ ስትችዪ አሰሚልን» አልኳት።

ምርጫው ተደረገ፣ ቲቸር አላለፈችም። የእማማ ድምፅ ከዚያ በኋላ በአንድ የእሁድ መዝናኛ ላይ፣ በቀልድና በዘፈን መሃል ቀረበ። ቆራርጠውት «ድንኳን አይቼ ገባሁ፣ ገብቼ አለቀስኩ» የሚለው ብቻ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲያ ጎረምሶቹ እማማን ባዩ ቁጥር «እማማ፣ ዛሬ ለማን ነው?» ይሏቸዋል። እማማም ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ላንተ፣ ቀደም ብዬ ልጨርስልህ ብዬ ነው» ብለው ያልፋሉ።

ቲቸር ግን ለቅሶ ቤት አልገባችም። ምስር ትቀቅላለች፣ እኔ አደርሳለሁ። ማንም ሄዶ ነይ አላላትም፣ ማንም አትምጪ አላላትም። እሷም የሚጠራት ሳይኖር መግባት ፈራች፤ ለቅሶ ደግሞ ተጠርተው የሚሄዱበት ነገር አይደለም።

ክረምቱ ሳይወጣ የእድሩ ዳኛ አረፉ። ኮታቸው እንደተቆለፈ አብሯቸው ተቀበረ። ከቀብር መልስ ያቺው አረንጓዴ ድንኳን ያቺው ሜዳ ላይ ተተክላ ሞልታለች፤ ዝናቡም እንደዚያ ቀን ይወርዳል። እማማ መሃል ላይ ናቸው፤ ዳኛውን ከነወታደርነታቸው፣ ከነኮታቸው እያነሱ ሰውን ያስለቅሳሉ። እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ቲቸርን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ከሸራው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወዲያ ቆማለች። ከጃንጥላዋ የሚወርደው ውሃ ጫማዋ ላይ ይፈሳል። ድንኳኑን የሰጧት ሰው ለቅሶ ነው፤ እቤት መቅረት አልቻለችም፣ መግባትም አልቻለችም።

ሌሎችም አይተዋታል። አግዳሚው ላይ ሹክሹክታ ተነሳ።

እማማ ለቅሷቸውን መሃል ላይ ቆረጡት። አንገታቸውን አስግገው ወደ በሩ አዩ።

«አንቺ ቲቸር! ምን ይገትርሻል እዚያ?» አሉ በዚያ ለቅሶ ባሻከረው ድምፃቸው። «ዛሬስ የእውነት ነው፣ ግቢ!»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። የዳኛው ባለቤት ራሳቸው፣ ዓይናቸው አብጦ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ «እሱም ቢኖር ይስቅ ነበር» አሉና እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። ቲቸር ጃንጥላዋን አጥፋ ገባች፣ ሄዳ አቀፈቻቸው፣ አብረው አለቀሱ። ካሜራ የፈለገ ዓይን አላየሁም።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ተጠጋሁላት። ጥቂት እንደቆየን ከሌላ ሰፈር የመጣች የማናውቃት ሴት፣ ድንኳን አይታ ገብታ ነው መሰለኝ፣ ከቲቸር ጎን ክፍት ቦታ አገኘች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ጎኗ ዘንበል አለች።

«ማን ነው?»

ቲቸር ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለተማሪ በምታስረዳበት ቀስ ያለ ድምፅዋ፣ ማን እንደሆኑ ነገረቻት።