ከስምንት ሰዓት በፊት ተሻገሩ

ዝናብ ሲለኩና ወጀቡን አስቀድመው ሲናገሩ የኖሩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው በእርሳቸው ሥር ሥራ የተማርኩት ባልደረባቸው ነኝ። ማመስገን ብቻ ቢሆን ኖሮ እጄ ባልከበደኝ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የዝናብ መለኪያውን ያያሉ፤ ጠብታ ባይኖርም ያያሉ። «ባዶውንም ጻፈው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ጉና ተራራ ሥር ላሉ ገበሬዎች ይደውላሉ። ስለ ንፋሱ የሚጠይቁት የልጆቹንና የከብቶቹን ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ ነው። ስቸኩል «እንዴት አደርክ ያላልከው ሰው ደመናውን አጥርቶ አያይልህም» እያሉ ይስቁብኛል። በረዶ ጣሪያዋን ለበሳሳባት ጎረቤታቸው ከራሳቸው ኩሽና ሁለት ቆርቆሮ ነቅለው የሰጡ ጊዜማ፣ «እኔ የሚዘንብበትን ሰዓት አውቃለሁ፤ ባልዲ እደቅናለሁ» አሉ።

አንድ መጋቢት ላይ ማስጠንቀቂያውን በእጃቸው ጻፉ፦ «ከስምንት ሰዓት በፊት ወንዙን ተሻገሩ። ሰማዩ ቢጠራም አትመኑት።» በመጋቢት ወንዙ ደረቅ ነው፤ ጉና ላይ የጣለ ዝናብ ግን ፀሐይ ላይ የቆመውን ሰው በደራሽ ጎርፍ ይወስደዋል። ወረቀቱን ለየቀበሌው የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። ባይዘንብ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ሳልነግራቸው «በአንዳንድ ቦታዎች ከባድ ዝናብ ሊኖር ይችላል» ብዬ ለወጥኩት። እንዲህ ያለ ቃል ማንንም አያስጠይቅም፤ ማንንም አያድንም።

የጋፋቱ ገበሬ አያ ዘውዱ ከወንዙ ማዶ ሲያርሱ ውለው ሲመለሱ ጎርፉ ደረሰባቸው። እርሳቸው የዛፍ ሥር ይዘው ተረፉ፤ ጥማድ በሬያቸውን ግን ጎርፉ ወሰደው።

በማግስቱ እትዬ ጥሩወርቅ የለወጥኩትን ወረቀት አይተው፣ እኔን አስከትለው ወደ አያ ዘውዱ ቤት ወረዱ። «አጥርቼ አልነገርሁዎትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሏቸው።

«ሰዓቱን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ከእንግዲህ ሰላምታዎንም አልሻ» አሉ አያ ዘውዱ።

አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ አልከፈትኩም። ስንመለስ እትዬ «ፍርሃትህ ሲለቅህ ራስህ ትነግራቸዋለህ» አሉኝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ነገ፣ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ። አያ ዘውዱ እርሳቸውን መንገድ ላይ ባገኙ ቁጥር ፊታቸውን ሲያዞሩ እያየሁ ዝም አልኩ።

በአገራችን የተቀየመም ሰው ቀብር አይቀርምና አያ ዘውዱ መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሁሉንም ነገርኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ።

«አሁን ለእኔ ምን ይረባኛል? እሳቸው ሳሉ ነበር እንጂ» ብለው አለቀሱ።

እትዬ፣ ፍርሃቴ የለቀቀኝ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። በቀብርዎ ዕለት ጉና ጠቁሮ ነበር። ከማዶ ለመጡት ለቀስተኞች በእርስዎ ቃል «ከስምንት ሰዓት በፊት ተሻገሩ» አልኳቸው። አያ ዘውዱም ጭምር ተሻገሩ። ዝናቡ ግን ሳይጥል ቀረ፤ በማግስቱ ሰው ሳቀብኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ይህንኑ ብቻ ነበር። በደህና ይሂዱ፣ እትዬ።